መብራት ሳይጠፋ የገባችው ካርድ

አንጋፋው የጥገና ሠራተኛችን ጋሼ አምባው ስለ ኤሌክትሪክ አንድ ሃይማኖት ብቻ ነው ያላቸው፤ መጀመሪያ አጥፋ፣ ከዚያ ንካ። ቃሊቲ ያለው የጨርቅ ማቅለሚያችን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ሲያስተምሩ ማስረጃቸው የግራ ቅንድባቸው ነው። የለም።

በ2003 ዓ.ም. አንድ ቀን ጠዋት፣ ከመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ስምንት የኤሌክትሮኒክስ ካርዶች አንዷ፣ የእንፋሎቱን ቫልቭ የምታዘው፣ ሞተች። ጋኑ ውስጥ ስምንት መቶ ሜትር ሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ እየፈላ ነው። የፈረቃው ቀላሚ ዕፀገነት ቫልቩን በእጇ እያዞረች ሙቀቱን ያዘች።

«ሳጥኑን ላጥፋው» አሉ ጋሼ አምባው።

«ካጠፉት ቀለሙን የሚያዞረው ፓምፕ ይቆማል። ፓምፑ ከቆመ ጨርቁ ይዥጎረጎራል። ከተዥጎረጎረ እኔ ቤቴ እገባለሁ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ እንዳለብኝ ያውቃሉ አይደል?»

ሮሪሳ፣ የአቃቂው ልጅ፣ ኤሌክትሪሺያናችን፣ መለዋወጫ ካርዷን ከመጋዘን ይዞ ደረሰ። «ሳይጠፋ ትገባለች» አለ።

«አንተም ቅንድብ በዝቶብሃል ማለት ነው» አሉት።

ሮሪሳ ካርዷ ጫፍ ላይ ያለችውን ከምስር ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ጥቁር ቺፕ አሳየን። ባዶ ካርድ ስትሰካ ያለውን ኃይል በአንድ ጉርሻ ልትውጥ ትፈልጋለች፤ ያኔ ሳጥኑ በሙሉ ይዝለፈለፋል። ይህቺ ቺፕ ግን በሩ ላይ ቆማ ኃይሉን ቀስ በቀስ ታስገባለች። የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራ አስከባሪ ማለት ናት፤ ልዩነቱ፣ እሷን ገፍቶ የሚያልፍ የለም። ውስጥ ብልሽት ካለ ደግሞ ጭራሽ ትዘጋለች። እኛ ግቢ «ቀስ» የሚባል ነገር የገባው ሠራተኛ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ሮሪሳ ካርዷን ገለበጣት። በቺፗ ላይ ቀይ ሽቦ ተበይዶ አልፏታል።

«ማነው ዳይሬክት ያደረጋት?»

ዳይሬክት ማለት እኛ ዘንድ የተከበረ ጥገና ነው፤ እምቢ ያለውን ዕቃ በሽቦ ዘሎ ማገናኘት።

ጋሼ አምባው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አምና ስሞክራት እምቢ አለችኝ። ዳይሬክት ሳደርጋት፣ ትንሽ ብትግልም፣ ሠራች።»

«እምቢ ያለችው እኮ ብታውቅ ነው፣ ጋሼ። ይኸው ኃይል የምታጠራቅምበት ካፓሲተር አብጧል። እንዲህ ብሰካት ሳጥኑን ይዛው ነበር የምትሄደው።»

«ወገኖቼ፣ እጄ እየተቃጠለ ነው!» ጮኸች ዕፀገነት። «ክርክሩን ለሻይ ሰዓት አቆዩት!»

ሮሪሳ የሞተችውን ካርድ መዘዘ፤ ሳጥኑ ምንም አላለም። ከእሷ ደህና ካፓሲተር ፈትቶ ያበጠውን ተካ፤ ቀዩን ሽቦም ነቀለ። ሊሰካት ሲል ጋሼ አምባው እጃቸውን ዘረጉ።

«ስጠኝ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ሳጥኑ ሳይጠፋ ሰኳት። ለአንድ ሰከንድ ምንም የለም። ቺፗ ሥራ ላይ ነበረች፤ እኛ ጸሎት ላይ። ከዚያ አረንጓዴው መብራት በራ። ሰባቱ ጎረቤቶቿ እንግዳ መምጣቱን እንኳ አላወቁም፤ ፓምፑም ድምፁን አልቀየረም።

ጋሼ አምባው ካርዷን እንደ ሰው አዩዋት። «ጨዋ ናት» አሉ።

ዕፀገነት ቫልቩን ለቀቀች፣ መዳፏ ላይ እፍ አለች፣ በጋኑ መስታወት አጮለቀች። ጨርቁ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሰማያዊ ሆኖ ይዞራል።

«በሉ አሁን ውጡልኝ» አለች። «ጋሼም ጭምር። ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል።»