በአስራ ሰባት የተካፈለው

ጣጣው የመጣው ቪቤከ ሥራ በመፍታቷ ነው። ወንድሟ ቶርኪል ጓዳ ውስጥ ተኝቷል፤ ሐኪሟ ከዚህ ወር እንደማያልፍ ነግራቸዋለች። ከምሳ በኋላ ድንጋይ ጠራቢው ፕሬበን መጥቶ መቃብሩ ላይ የሚቀረጸውን ይቀበላል። ቶርኪል ስምም ጥቅስም አልፈልግም፣ ቁጥሬ ይበቃኛል ብሎ ድርቅ ብሏል፤ 333333331።

ኦርሁስ ከተማ ሒሳብ ሲያስተምር ኖሮ፣ ይህ ቁጥር በምንም አይካፈልም ብሎ በየክፍሉ ሰብኳል። 31ን ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም፤ 331ንም፣ 3331ንም እንዲሁ። ሦስት እየጨመረ እስከ ሰባት ሦስቶች ድረስ በእጁ ፈትኗል። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ግን ሰባቱ ያልከዱኝ ይሄ ይከዳኛል ወይ ብሎ ዝም ብሎ አመነው። መሃይም እንዲህ አይሳሳትም፤ እንዲህ የሚሳሳተው ቁጥር የለመደ ሰው ነው።

ቪቤከም ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት። ድንቹን ልጣ ስትጨርስ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ እንዲያው ለጨዋታ ያንን ቁጥር ታካፍል ጀመር። በሰባት እምቢ አለ፤ በአስራ አንድና በአስራ ሦስትም እምቢ አለ። በአስራ ሰባት ግን ምንም ሳይተርፍ እኩል ተካፈለ። ደግማ ሠራችው፤ ያው ነው። ወይ ጉድ!

ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ የታጠበውን ሰሃን ደግማ አጠበች። ብትነግረው በመጨረሻው ሰዓት አንገቱን ልታስደፋው ነው። ዝም ብትል ደግሞ መቃብሩ ትምህርት ቤት አጠገብ ነው፤ ስልክ የያዘ ተማሪ ሁሉ እያካፈለ ይስቅበታል። አንዷን ሦስት ባስቀንስስ? ባለ ሰባቱ እንከን የለውም፣ እሱም ተነስቶ አያየውም።

ፕሬበን እንደ ልማዱ በሰዓቱ ደረሰ። አጃ ዳቦ በዓሣ አቀረበችለት። ስንት ሦስት ልጻፍ እትዬ ሲላት ሰባት ልትል ነበር፤ ቆየኝ ብላ ተነሳች። ጥላው ወደ ጓዳ ገባች።

«ቶርኪል፣ በአስራ ሰባት ይካፈላል።»

ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ብቻ ሲንቀሳቀስ ቆየ። ገደልኩት ብላ ፈራች።

«ድርሻው አስራ ዘጠኝ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሰባት ሺህ ስምንት መቶ አርባ ሦስት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እሱንስ የሚያካፍለው አለ?»

«እኔ እንጃ።»

«ታዲያ ቆመሽ ምን ታለቅሻለሽ? ሰውየውን ሸኚና እርሳስ ይዘሽ ነይ።»

ፕሬበን መቼ ልመለስ ቢላት ገና አልጨረሰም ብላ ሸኘችው። የቶርኪል እጅ እርሳስ መያዝ አቅቶታል፤ ጻፊዋ እሷ ሆነች።

«ከአስራ ሰባት ጀምሪ» አላት። «ከሱ በታች ያሉትን ጨርሰሻቸዋል። እስከ ስንት መሄድ አለብን?»

«እስከ ካሬ ሥሩ፤ ከአራት ሺህ በላይ ነው፣ ወንድሜ። የማይካፈሉትን ቁጥሮች ብቻ ብንሞክርም ስድስት መቶ ያህል ማካፈል ይቀረናል።»

«ብዙ ነው» አለ ቶርኪል፣ ደስ ብሎት።