ጆንያ ሰፊውና አምስቱ ምልክቶች

ለሽንፋ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ፤ ከድንበሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ ለምትኖሩ ሁሉ፦ የሐጂ አብዱረሕማን የሰሊጥ መጋዘን ከብዙ ምክክር በኋላ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር መግዛቱን ስናበስር ታላቅ ክብር ይሰማናል። ወንበሩ መደገፊያ አለው። እግሮቹም አራት ናቸው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ለዚህ ወንበር ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቧል፤ እኔም ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። ወንበሩ የተገዛው ለባየልኝ ነው።

ባየልኝ ለሰሊጥ አረም ከጎጃም የወረደ የጉልበት ሠራተኛ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ታመመ። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማው ጀመር። አዝመራው አልቆ ጓደኞቹ ወደ ደጋ ሲመለሱ እሱ ገበያው ዳር ቀረ፤ ክረምቱን ሙሉ ከከብት ተራው አጥር ሥር አደረ። የጤና ጣቢያዋ የአእምሮ ጤና ነርስ ሲስተር መስከረም ናት ያነሣችው። አሳከመችው፣ ክኒን አስጀመረችው፣ ጠጉሩን አስቆረጠችውና አንድ ጠዋት መጋዘናችን በር ላይ አቆመችው።

«ሐጂ፣ ሠራተኛ አምጥቼልዎታለሁ።»

ሐጂ አብዱረሕማን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይኼ ያ… ከብት ተራው ጋ…»

«አዎ፣ እሱው ነው። አሁን ደኅና ነው። መድኃኒቱን እስከወሰደ ድረስ ይሠራል።»

«ወላሂ ሲስተር፣ እኔ ጋ ጤነኛውም አይሠራ!»

«እንግዲያው ምን ይጎድልብዎታል?»

ሐጂ በነገር ሲሸነፉ ጺማቸውን ያሻሉ። አሹት። ለሦስት ወር ሙከራ ተስማሙ፤ ኅዳር ሠላሳ ቀን ኮሚቴው ተሰብስቦ ቋሚ ይሁን ወይ ይሰናበት ብሎ ይወስናል። ክኒኑ ጠዋት ጠዋት ስለሚያደነዝዘው እንደ ሌላው በአሥራ ሁለት ሳይሆን በሁለት ሰዓት እንዲገባ፣ ሲከብደውም ቁጭ የሚልበት እንዲያገኝ ሲስተር አስፈቀደች። ወንበሩ የመጣው በዚህ ነው። «በየአሥራ አምስት ቀኑ ደግሞ ሐሙስ እኔ ጋ መጥቶ ክኒኑን ይወስዳል» አለች። «ያችን ሐሙስ ማንም እንዳይነካብኝ።»

ሥራው የጆንያ አፍ መስፋት ነበር። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ጨዋ እህል አይደለም፤ ትንሽ ቀዳዳ ካገኘ እንደ ውሃ ይፈሳል። ስፌቱ የላላ ጆንያ ጎንደር ሲደርስ ግማሽ ጆንያ ነው።

ችግሩ፣ የጆንያ መርፌ አንድ ስንዝር ይሆናል። ሥራ አስኪያጃችን አሚን፣ የሐጂ የወንድም ልጅ ነው፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ተነሥቶ «ለእንዲህ ያለ ሰው መርፌ ሲሰጥ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?» አለ። ከብዙ ክርክር በኋላ መርፌውን ጠዋት አስፈርሞ የሚሰጥ፣ ማታ አስፈርሞ የሚረከብ ተቆጣጣሪ ተሾመ። እሳቸውም ጥበቃው ጋሽ ገብረማርያም ናቸው። ጋሽ ገብረማርያም ከምሳ በኋላ ጥይት የጎረሰ ክላሽ ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ አፈሙዙን ወደ እኛ አዙረው የሚያንኮራፉ ሰው ናቸው። ለዚህ ጉዳይ እስካሁን ኮሚቴ አልተቋቋመም።

አሚን በመርፌው አላበቃም። «የሕመም ምልክት መከታተያ ቅጽ» የሚል ወረቀት አዘጋጅቶ መጣ። ምልክቶቹ አምስት ናቸው፦ ብቻን መናገር፣ ብቻን መሳቅ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አፍጥጦ መቅረት፣ ያለ ምክንያት መጣላት።

ሲስተር መስከረም አነበበችና «ጥሩ ነው» አለች። ሁላችንም ደነገጥን። «ግን የባየልኝ ብቻ ከተጻፈ አድልዎ ይሆናል። የሁሉም ይጻፍ።»

«የሁሉም?» አለ አሚን።

«ምን ያስፈራሃል? ጤነኛ አይደለህ?»

መዝጋቢ አድርገን ጋሽ ገብረማርያምን መረጥን። ስሕተታችን እዚህ ላይ ነው። የቄስ ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው፤ ባዩት ላይ አይጨምሩም፣ ካዩትም አይቀንሱም።

ወሩ ሲያልቅ ጋሽ ገብረማርያም ቅጹን ጉባኤ ፊት አነበቡ።

«ባየልኝ፤ ብቻውን ተናግሯል፣ ሁለት ጊዜ። አንዱ ክር ተበጥሶበት ነው። አሚን፤ ስልኩን ይዞ ብቻውን ስቋል፣ ሃምሳ ሦስት ጊዜ። አፍጥጦ መቅረቱን መጻፍ ቢታክተኝ ተውሁት።»

«ያ እኮ ቲክቶክ ነው!»

«በምን እንደሳቀ የሚጠይቅ ቅጹ ላይ የለም።» ገጹን ገለጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሐጂ።»

«እሱን ይዝለሉት» አሉ ሐጂ።

«አልችልም፣ ፈርሜበታለሁ። ሐጂ፤ የሰሊጥ ዋጋ የወረደ ዕለት ብቻቸውን ተናግረዋል፣ አርባ አንድ ጊዜ። ከጆንያ ጋር ተጣልተዋል፣ አራት ጊዜ። አንዱን በእርግጫ ብለውታል። እንቅልፍ ማጣት፤ ‹ዓይኔን ሳልከድን ነጋ› እያሉ ራሳቸው ስለሚነግሩኝ በየቀኑ ጽፌዋለሁ።»

ያን ዕለት ባየልኝ ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ከሰው ጋር ስለሳቀ አልተመዘገበበትም።

ቅጹ ከዚያ ወዲያ የገባበት አልታወቀም። ባየልኝ ግን ሰፋ። ድንዛዜው ሲመጣ ሩብ ሰዓት ቁጭ ይላል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ተነሥቶ ይሰፋል። መጀመሪያ ላይ ዞረውት የሚያልፉት ጫኞች፣ ሁለተኛው ወር ላይ «የባየልኝ ነው?» ብለው ከጠየቁ ስፌቱን ሳያዩ ጆንያውን መኪና ላይ ይወረውሩት ነበር።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ዋጋ ወጣ። ዋጋ ሲወጣ ሐጂ የገዛ ስማቸውንም ይረሳሉ። በሳምንት ውስጥ ሦስት መኪና ወደ ጎንደር ይውጣ ተባለ። ረቡዕ ዕለት ባየልኝን ጠሩት።

«ያ ዞል» አሉት እንደ ሱዳኖቹ፣ «አንተ ሰው፣ የነገዋን ሐሙስ ተዋት። በሌላዋ ትሄዳለህ።»

«ሐጂ፣ ክኒኔ እኮ ነገ ያልቃል።»

«ሐሙስ እንደሁ በየሳምንቱ ይመጣል! ይኼ ዋጋ ይመጣል?»

ባየልኝ ወደ ጆንያው ተመለሰ። ቋሚ ለመሆን ሁለት ሳምንት የቀረው ሰው ለጌታው እምቢ ሊል ነው? እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ስብሰባ ስላልሆነ አልጻፍሁትም።

ሰኞ ረፋድ ላይ ባየልኝ አንዱን ጆንያ ግማሽ አድርሶ ቆመ። መርፌውን ከክሩ አውጥቶ ለጋሽ ገብረማርያም ሰጣቸው።

«ምነው ልጄ? ሰዓቱ ገና ነው።»

«ጋሼ፣ ድምፁ መጥቷል። አሁን ከሩቅ ነው። ሳይቀርበኝ ሲስተርን ጥሩልኝ።»

አሚን ከሚዛኑ ጀርባ ሄደ። ጋሽ ገብረማርያም ግን ክላሻቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ደወሉ፤ ከዚያ ባየልኝን አስቀምጠው እሳቸው አጠገቡ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ድምፁ ምን እንደሚል አልጠየቁትም። ውሃ ሰጡት፤ ሲስተር መስከረም በባጃጅ እስክትደርስ ድረስም የጎጃም በግና የአርማጭሆ በግ ማን ይሰባል እያሉ ተከራከሩት።

ሲስተር ባየልኝን ደግፋ ስታወጣ ሐጂ ቢሮው በር ላይ ቆመው ነበር።

«ሐሙስ ለምን ቀረ?» አለቻቸው።

ሐጂ ጺማቸውን እንኳ አላሹም።

ባየልኝ ሲታከም ሰነበተ። በቦታው አሚን ሰፋ። «ጆንያ መስፋትም ሙያ ሆኖ!» እያለ ነበር የጀመረው። መኪናው ገንደ ውኃ ሳይደርስ ያገሩ ወፍ ሁሉ እንደ ሙሽራ አጃቢ ተከተለው። ሾፌሩ ከመንገድ ደወለ፦ «ሐጂ፣ እንድጭን ነው የላኩኝ ወይስ እንድዘራ?»

ኅዳር ሠላሳ ደረሰ፤ ኮሚቴው ተቀመጠ። አሚን ቀድሞ ተነሣ። «ሕመሙ ተነሥቶበታል። ሙከራው ሙከራ ነው። ይሰናበት።»

«እኔስ መናገር እችላለሁ?» አለ አንድ ሰው ከበሩ።

ባየልኝ ነው። ከስቷል፤ ሸሚዙ ግን ታጥቦ ተተኩሷል። ከኋላው ጫኞቹ ሥራ አቁመው ተደርድረዋል።

«ዘንድሮ ከዚህ መጋዘን ዘጠኝ ሰው በወባ ተኝቷል። አሚን፣ አንተም ተኝተሃል፤ ሲያንቀጠቅጥህ ጋቢዬን ያለበስሁህ እኔ ነኝ። ከዘጠኙ ማን ተሰናበተ? ወባ ዳግመኛ ስትነሣባችሁ መድኃኒት ትወስዳላችሁ፣ ትመለሳላችሁ። እኔም ወስጄ ተመለስሁ። መምጣቱንም ከማንም በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ መርፌውን በእጄ ነው ያስረከብሁት። ሐሙሴን ስጡኝ፤ ጆንያውን ለኔ ተዉት።»

«ይጻፍ!» አሉኝ ጋሽ ገብረማርያም። አንዲት ቃል ሳልጥል ጻፍሁ።

ሐጂ ተነሡ።

«ባየልኝ ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ነው። ሐሙስ የራሱ ናት፤ ሰሊጥ ወርቅ ቢሆን እንኳ የራሱ ናት፤ እኔም ብጠይቀው እምቢ ይበለኝ። ሲስተር፣ ታንጉት የምትባል ሌላ ታካሚ አለች፣ ሥራ ትፈልጋለች ብለሽኝ አልነበር? ቅዳሜ ትምጣ፤ ሰሊጥ ታበጥራለች።»

ጫኞቹ ፉጨቱን ለቀቁት። ባየልኝን እንደ ኩንታል ብድግ አድርገው ትከሻቸው ላይ አወጡትና መጋዘኑን ይዞሩት ጀመር። «ቀስ! ከስፌቱ እንዳይፈታ!» ይላል አንዱ። ሲስተር መስከረም ስትስቅ እንባዋ ይወርዳል።

«አጎቴ!» ብሎ ጮኸ አሚን በጫጫታው መካከል። «ኮሚቴው ድምፅ እንኳ አልሰጠም እኮ! ቃለ ጉባኤው ላይ በምን ምክንያት ተብሎ ይጻፍ?»

እኔም እስክሪብቶዬን አንሥቼ ሐጂን ጠበቅሁ።

«አልናገርም» አሉ ሐጂ፣ ጺማቸውን እያሹ።