ሁለተኛው ጭልፋ

መርማሪ ኢሶቤ ተሳስቶ አያውቅም። ይህን የሚሉት ሌሎች ናቸው፤ እሱም አይክድም። በወደቧ ከተማ አንድ ተጠርጣሪ ሲምል ሲገዘት፣ አላየሁም አልሰማሁም ብሎ ድርቅ ሲል፣ «ኢሶቤን ጥሩት» ይባላል። ኢሶቤ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ሲጋራውን ይለኩሳል። የሰውዬውን ፊት ግን አያይም፤ እጁን ነው የሚያየው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ ለኢሶቤ ብቅልም አያስፈልገው። ሰው ሻይ ሲቀዳ፣ ጫማውን ሲያወልቅ፣ በር ሲዘጋ አይቶ የሆዱን ያውቃል። «አፍ ጌታውን ይሰማል» ይላል ሁልጊዜ፣ «እጅ ግን የሚያውቀውን ነው የሚሠራው።»

እንዲህ ያለው ሰው የገዛ ሚስቱ የት እንደገባች አያውቅም። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በዝናቡ ወራት፣ ከሳዮ ጋር ክፉኛ ተጣሉ። ያን ማታ ብዙ ጠጥቶ ነበር። ጠዋት ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ሲነቃ ሳዮም የለች፣ ጃንጥላዋም የለ። ባልደረቦቹ ባቡር ጣቢያውን፣ ወደቡን፣ የእህቷን ቤት አሰሱ። የኢሶቤን ቤት ግን ማንም አልፈተሸም፤ የባልደረባን ቤት ማን ይፈትሻል? እሱም ሳዮን ሳያገኝ ሹመት እንደማይቀበል፣ ከዚያች ከተማም እንደማይወጣ ማለ። ሌላው የዓለም ነገር ሁሉ ረክሶበታል፤ የሚፈልገው እሷን ብቻ ነው።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ገበታዋን ያቀርብላታል። በአገሩ ልማድ፣ ዘመድ ባሕር ላይ ሲሆን ወይ ሲጠፋ፣ ቤት የቀረው ሰው በመቀመጫው ፊት ምግቡን ያኖርለታል፤ በሄደበት እንዳይራብ። ኢሶቤ ለራሱ ሩዙን ጨልፎ ይደግማል። ለሳዮም ይጨልፍላትና ክዳኑን ይገጥማል፣ መብያ እንጨቶቿን ከፊቱ ያጋድማል። ቆይቶ ክዳኑን ያነሳል። ክዳኑ ላብ ከያዘ የራቀው ሰው ደህና ነው ይባላል። ትኩስ ሩዝ ላይ የተገጠመ ክዳን ላብ ባይዝ ነበር የሚገርመው፤ ኢሶቤ ግን በየቀኑ «ደህና ነች» ብሎ ተጽናንቶ ይወጣል።

ሲወጣ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ያለችውን የእንጨት መዝጊያ ሳይረግጥ ይዘላታል። ከሥሯ ባለው ጉድጓድ ሳዮ በጨው የዘፈዘፈችው የፍጅልና የጎመን ኮምጣጣ በርሜሎች አሉ። እሷ ከጠፋች ወዲህ ከፍቷት አያውቅም፤ ያለ ሳዮ የሳዮን ፍጅል መብላት አልሆንለት አለ።

አንድ ቀን ጠዋት ታማኪ በመኪና መጥታ ወሰደችው። ታማኪ አብራው የምትሠራ መርማሪ ናት፤ ምላሷ ስለት፣ ዓይኗ ከሱ የማይተናነስ፤ ይህን ግን እሱ ፊት ለፊት ነግሯት አያውቅም። የሚሄዱት ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ ሠሪው ሃጊዋራ ዘንድ ነበር። የሃጊዋራ ታናሽ ወንድም ኩኒዮ ከጠፋ ከራርሟል።

«አለቃ፣ ሰውዬውን ብንተወውስ?» አለች ታማኪ መሪውን እንደያዘች። «ሰፈሩ በሙሉ ከሱ ጋር ነው የሚያለቅሰው።»

«ሰፈር በአንድነት ሲያለቅስ እኔ እጠራጠራለሁ።»

«እርስዎማ እናትዎንም ይጠራጠራሉ።»

«እናቴንማ በተለይ። ካርታ ስንጫወት ታጭበረብር ነበር።»

ታማኪ እየሳቀች መኪናውን ከቶፉ ቤቱ በር አቆመች።

ሃጊዋራ ገና ጎህ ሳይቀድ የጀመረውን ሥራ ጨርሶ ቁርሱን ሊበላ ነበር። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ እጆቹ ውሃ ውስጥ ውለው የነጡ ሰው ነው። እንግዶቹን አስገብቶ አስቀመጠ፣ ሻይ ቀዳ፣ ከተቀመጠም በኋላ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«ወንድምህ ሩዝ ይወድ ነበር?» አለው ኢሶቤ።

«ይወዳል እንጂ! ‹ነበር› አይበሉ መርማሪ፣ አያሟርቱብኝ። ኦሳካ ሥራ ፍለጋ ሄዶ ነው፤ ይመለሳል።»

«ይቅርታህን። ቁርስህን ብላ፣ እኛ አንቸኩልም።»

ሃጊዋራ ለራሱ ጨለፈ፣ ደገመም። የኩኒዮን ጎድጓዳ ሳህን አነሳ፣ ጨለፈ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ባዶው መቀመጫ ፊት አኖረው። በወንድም ፍቅር፣ በጥንቃቄ። ታማኪ አንጀቷ ተላወሰ። ኢሶቤ ግን ሲጋራውን ለኮሰና ፈገግ አለ። ይህን ፈገግታ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ምን ያስቅዎታል?» አለ ሃጊዋራ ፊቱ ቀልቶ። «በሰው ሐዘን ይስቃሉ? መጀመሪያ የጠፋችዋን ሚስትዎን አይፈልጉም? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እርስዎ ነዎት!»

 ስለ ሳዮ እንዲህ በኢሶቤ ፊት የተናገረ አልነበረም። ኢሶቤ ዓይኑ እንኳ አልተርገበገበም።

«ልክ ብለሃል፣ አሮብኛል» አለ። «አሁን አንድ ነገር ንገረኝ። ሩዝ መጨለፍ ማን አስተማረህ?»

«እናቴ ናታ። ሌላ ማን ያስተምረኛል?»

«ለሕያው ሰው እንዴት ጨልፍ አለችህ?»

ሃጊዋራ ወደ ኩኒዮ ሳህን ተመለከተ።

«ይደገምለታል» አለ ኢሶቤ ስለሱ ሆኖ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ሁለተኛዋ የጥፍር ያህል ብትሆን እንኳ ይደገምለታል። ሕፃን ልጅ ቢረሳ በጭልፋው ይኮረኮማል። ለራስህ ደገምክ። ለኩኒዮ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ጨልፈህ ከደንክ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጨለፈው ለማን ነው?»

ሃጊዋራ ቀኝ እጁን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ለሬሳ» አለ።

ከዚያ በኋላ ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ኩኒዮ የአባታቸውን ሱቅ ሊሸጠው አስቦ እንደነበር፣ እንደተያያዙ፣ በአኩሪ አተር መውቀጫው እንደመታው፣ ከጓሮ ባለው አሮጌ የውሃ ጉድጓድ እንደከተተው ተናገረ። ያለቀሰው ግን ሲጨርስ ነው።

«መርማሪ፣ አልዋሸሁም እኮ» አለ። «እውነቴን ነው። ረስቼው ነበር። ጠዋት ስነሳ ኦሳካ ነው ያለው ብዬ ነው የምነሳው። ስጠብቀው የምር ነበር የምጠብቀው።»

«አምንሃለሁ» አለ ኢሶቤ። «ጭንቅላት ይረሳል። እጅ ግን አይረሳም።» ከዚያ ወደ ታማኪ ዞሮ፣ «ይህን ያዢ፣ አንቺ ልጅ። አንድ ቀን ያለኔ ትሠሪያለሽ» አላት።

ኩኒዮን ከጉድጓዱ ሲያወጡት ረፋዱ አልፎ ነበር። ኢሶቤ እንዲህ ያለ ቀን ደስ ይለዋል፤ በሰው ሞት ሳይሆን፣ እውነት ስትገለጥ። ታማኪን «ምሳ እኔ ቤት ነው» ብሎ ይዟት ሄደ። ከዚያ በፊት ማንንም ጋብዞ አያውቅም። ዛሬ ግን ኮራ ብሎ ነበር፣ ኩራቱም ይገባው ነበር። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ መሆኑን ማን ያስታውሰው?

ወጥ ቤቱን አቋርጠው ሲያልፉ ታማኪ የወለሉን መዝጊያ ረገጠች።

«አትርገጪ!» ብሎ ጮኸባት። እሷም ደነገጠች፣ እሱም በራሱ ድምፅ ደነገጠ። «የሳዮ ኮምጣጣ ነው ያለበት» አለ ቀስ ብሎ። «እንጨቱ አርጅቷል።»

ዓሣ ጠበሰ፣ ሾርባውን አሞቀ፣ እንግዳውን ከጠረጴዛው አስቀመጠ። እየሠራ የሃጊዋራን ነገር ይተርካል፤ ሰውዬው እጁን ያየበትን አስተያየት እያስመሰለ። ለታማኪ ጨለፈ፣ ደገመ። ለራሱ ጨለፈ፣ ደገመ። የሳዮን ሳህን አነሳ፣ ጨለፈ፣ ክዳኑን ገጠመና ከመቀመጫዋ ፊት አኖረው።

የታማኪ እጅ ወደ ምግቡ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ምነው? ዓሣው አሯል?»

«አለቃ» አለች ታማኪ።  «ለወይዘሮ ሳዮ... ይድገሙላት።»

ኢሶቤ ምን እንደምትል አልገባውም። ቀጥሎ ገባው።  ክዳኑን አነሳ። በውስጡ ላብ ይዟል፤ እንደ ሁልጊዜው። ጭልፋውን ያዘ። ሩዙ ላይ አደረሰው። መጨለፍ ብቻ ነው የቀረው፣ ሕፃን የሚሠራው ሥራ ነው። እጁ ግን ቆመ። ኢሶቤ አዘዘው፣ እጁ እምቢ አለ። ጭልፋው ከሩዙ በላይ እንደተንጠለጠለ ነው፣ ወደ ታች አይወርድም። ለራሱ ይሆን እንደሁ ብሎ ሞከረ፤ ለራሱ እሺ አለው። ወደ ሳዮ ሳህን ሲመለስ እንደገና ቆመ።

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መሳሳትን ተመኘ። አጥብቆ ተመኘ።

«በየቀኑ ነው እንዲህ የማደርገው» አለ። «በየቀኑ ነው። እንዴት አላየሁትም?»

«ድካም ነው» አለች ታማኪ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ሦስት ዓመት ብቻዎን ኖረዋል። ሰው ይሳሳታል አለቃ። እኔ ምንም አላየሁም፤ ምሳችንን በልተን እንሂድ።»

የማምለጫው በር ክፍት ነበር። አለቃዋ ነው፣ ትወደዋለች፣ ዝም በይ ካላት እስከ መቃብሯ ዝም ትላለች። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። ኢሶቤ ሲጋራ አወጣ፤ ሳይለኩስ መልሶ አስቀመጠው።

«እኔ አልሳሳትም» አለ። ድምፁ ጣቢያው ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው ያ ድምፅ ነበር። «ይህ የሌላ ሰው ቤት ቢሆን፣ ታማኪ፣ የት ትፈልጊያለሽ?»

 ታማኪ ወደ ወጥ ቤቱ ወለል ተመለከተች፤ እሱም ዓይኗ የሄደበትን አየ።

«ተነሺ። እጄ ያውቃል፣ እግሬም ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አላት። «ሳዮን አገኛታለሁ ብዬ ምያለሁ። ክፈቺያት።»

ታማኪ ተንበርክካ በሁለት እጇ ሳበች። መዝጊያዋ ጨው በልቷት ነበርና ቶሎ እሺ አላለችም። ስትከፈት የኮምጣጣ ፍጅል ሽታ ቤቱን ሞላው። ከበርሜሎቹ መሐል መጀመሪያ የታየው የጃንጥላ እጀታ ነው። ከእጀታው በታች ያለውን ታማኪ አይታ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች።

ኢሶቤ ከመቀመጫው አልተነሳም። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሳዮ ሩዝ ግራና ቀኝ፣ ዘርግቶ ያያቸው ነበር። ያን ማታ ምን እንደሆነ ዛሬም አላስታወሰም። ማስታወስም አላስፈለገው፤ ለሃጊዋራም አላስፈለገውም ነበር።

«ለጣቢያው ደውዪ» አለ። «ኢሶቤ ሚስቱን አገኘ በያቸው።»

ከዚያም ሁለቱን እጆቹን አጋጥሞ፣ ካቴና እንድታገባለት፣ ለታማኪ ዘረጋላት።