ትንፋሽ ቆጣቢዋ

አሠልጣኙ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነበር። ባሕር ውስጥ መጥለቅ የሚያምራቸውን እንግዶች በጀልባ ይዞ ይወጣል፤ አንዴ አንዱን ነጋዴ «ላንተስ ባልዲም ጥልቅ ነው» ብሎት ሰውዬው ተቀይሞ ሄደ። የጀልባዋ ባለቤት አክስቱ ናት። ያን ቀን አፍንጫው ሥር ጣቷን ቀስራ፣ «ዳግመኛ እንግዳ ብታስቀይም የእህቴ ልጅ ነህ ብዬ አልምርህም። መጀመሪያ አመስግን፤ እርማቱን ከምስጋናው ሥር ሸጎጥ ታደርገዋለህ» አለችው። የሚያንኳኳው ሌላ በር ስላልነበረው እሺ አለ።

ዛሬ የመጡት አንዲት የጥርስ ሐኪምና ታናሽ ወንድሟ ናቸው። የጠላቂነት ሰርተፊኬት ይዘዋል። የተሰጣቸው አንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ሲንቦራጨቁ ቆይተው ነው፤ ገንዳው ደግሞ ቢቆሙበት ደረት አይደርስም። እንዲህ ያለ ሰርተፊኬት የሚያድለውን ሰው እዚያው ገንዳ ውስጥ መንከር ነበር።

መጀመሪያ ሲጠልቁ አሠልጣኙ ከሐኪሟ አፍ የሚወጣው አረፋ እየቆየ ሲጠፋ አየ። ትንፋሿን ትይዛለች። ክው አለ። ከጥልቅ ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው፣ ሳንባው ውስጥ ያለው አየር እያበጠ ይሄዳል፤ ሳንባ ደግሞ አይችለውም። ይህን ጠላቂ ሁሉ ከምንም አስቀድሞ ይማረዋል። እሷን ያስተማራት የለም።

ጀልባዋ ላይ ሲወጡ ወንድሟ የሁለቱንም የአየር ሲሊንደር መለኪያ አስተያይቶ ጮኸ።

«እታለም! የኔ አየር ሊያልቅ ነው፣ ያንቺ ግን ገና ብዙ ቀርቷል! እንዴት አድርገሽ ነው?»

«ቆጥቤ ነዋ!» አለች፤ ፊቷ በራ።

አሠልጣኙ «ልትሞቺ ነው!» ሊል አፉን ከፈተ። አክስቱ መሪውን እንደያዘች አፈጠጠችበት። ቃሉን ዋጠው።

«እርጋታዎ ደስ ይላል» አለ። «የአየር አጠቃቀምዎማ ምን ልበልዎ፣ ስንቱ ይቀናብዎታል። እንዲያው ሲወጡ ብቻ፣ ከተመቸዎት፣ ዘና ብለው ቢተነፍሱ ደግሞ የበለጠ ያምራል።»

«ሰማህ? ይቀኑብኛል!» አለች ወደ ወንድሟ ዞራ። ሌላውን አልሰማችውም።

«ቆዪ፣ አሁን ስንገባ አሳይሻለሁ። ብዙ አየር ያስቀረ ምሳ ይጋበዛል!» አላት ወንድሟ።

አክስቱ አሠልጣኙን ጎበዝ እንደማለት ራሷን ነቀነቀችለት። እሱም፣ ምን ይደበቃል፣ ደስ አለው።

እንደገና ጠልቀው ሊወጡ ሲሉ የወንድምየው ቀበቶ ላላና አሠልጣኙ ሊያጠብቅለት ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ሐኪሟ ጉንጯን ነፍታ ሽቅብ እየተወነጨፈች ነው። አንድም አረፋ የለም። እግሯን ሊይዝ ተወረወረ፤ የዋና ጫማዋ ወልቆ እጁ ላይ ቀረ።

ጀልባዋ ላይ ሲጎትቷት ከአፏ ቀይ አረፋ ወጣ። አሠልጣኙ ደረቷን ተጫነ፣ በአፉ አየር ሰጣት፣ ክንዱ እስኪዝል ታገለ። አልተመለሰችም።

ወንድሟ ጭንቅላቷን ታቅፎ፣ «ምን ሆነች? እውነቱን ንገረኝ!» አለ።

«ትንፋሿን ይዛ ወጣች። ሳንባዋ ተቀደደ።»

«አንተ! ሐዘንተኛ እንዲህ ይነገረዋል?» አክስቱ ጮኸች።

«ለምን ያዘችው?» አለ ልጁ።

«አየር እንዲተርፋት። ልታሸንፍህ።»

ልጁ የእህቱን ጭንቅላት ጀልባዋ ወለል ላይ አሳረፈ። «እንደምትይዝ ታውቅ ነበር?» አለ።

«ጠዋት አይቻታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካትም?»

«እንዳይከፋት ብዬ ነው» አለ አሠልጣኙ።