አገጬና ጓንቴ

የሰደበኝ የታላቅ እህቴ ባል ነው። ካቻምና፣ የልጃቸው ልደት ቀን፣ በገዛ ሳሎኑ፣ ሻማው ተለኩሶ መብራቱ ሳይጠፋ። ልጁን አቅፌ ወደ ኬኩ ጠጋ ስል፣ «ካርታ፣ አንተ ትንሽ ፈቀቅ በል፤ አንዱ ብጉርህ ፈንድቶ ኬኩን እንዳያበላሽብን» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እህቴ አልሳቀችም፤ ቢላዋ ፍለጋ ጓዳ ገባች። ለእኔ ከመሳቅ አይሻልም። ኬኩን አልቀመስኩም፣ አለመቅመሴንም ያየልኝ አልነበረም።

ካርታ የሚለውን ስም ግን እሱ አይደለም ያወጣልኝ። የስምንተኛ ክፍል የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ነው። ካርታ ረስቶ የመጣ ቀን ከመቀመጫዬ አስነስቶ፣ «ተራራውም ሸለቆውም እዚህ አለላችሁ» ብሎ ወደ ጉንጬ በጠመኔ አመለከተ። ትምህርቱን የተውኩት በዚያው ዓመት ነው፤ ትምህርቱ ቀረ፣ ስሙ ተከትሎኝ ወጣ። ሁሉም «ብጉር የጉርምስና ነው፣ ይተውሃል» ሲለኝ ኖሯል። ይኸው ሠላሳን አልፌ ፀጉሬ መሸሽ ሲጀምር ብጉሩ ንቅንቅ አላለም።

የምሠራው መስታወት ቤት ነው። የሚስቅ ይሳቅ። ከኋላ ባለው ክፍል መስታወት እቆርጣለሁ፣ ጠርዙን እሞርዳለሁ፣ ከመውጣቱ በፊት በአልኮልና በጋዜጣ ወረቀት እወለውላለሁ። ከዚያ ወደ መስኮቱ አዘንብዬ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ትኖር እንደሆነ እፈልጋለሁ። ካለች ደግሜ እፈትጋለሁ። ዓይኔ ይህን ስለለመደ ራሴንም የማየው እንደዚያው ነው። ጠዋት ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ጣቴ አገጬ ሥር ይገባል፤ አዲስ እብጠት ካገኘ ቀኑ ሳይጀመር ተበላሸ ማለት ነው።

የሱቁን ባለቤት እትዬ እንላቸዋለን። አንድ ቀን ጠርተውኝ፣ «ባንኮኒው ላይ ያለውን ልጅ ላሰናብተው ነው፤ ከደንበኛ ጋር ቃል መመላለስ አበዛ። አንተ ሥራውን ታውቀዋለህ፣ እዚያ ጀርባ የመስታወት ብናኝ ስትውጥ ከምትኖር እዚህ ብትሆን ይሻልሃል። ወሩ ሲያልቅ እወስናለሁ» አሉ። ሲናገሩ ዓይናቸው አገጬ ላይ አረፈ። አፋቸው ያለውን ሁሉ ረስቼ ዓይናቸውን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

በዚያው ምሳ ሰዓት መታጠቢያ ክፍሉን ከውስጥ ቆልፌ፣ መስታወት በምወለውልበት አልኮል ፊቴን ፈተግኩት። በጨርቅ ነው፣ በጋዜጣ አይደለም፤ ያን ያህልማ አላበድኩም። ቀዝቀዝ ሲለኝ የጠራ መሰለኝ። በነጋታውም ደገምኩት። ሳምንት ሳይሞላ ቆዳዬ ተላጠ፣ ከሥሩም ከበፊቱ የባሰ ቀይ ነገር ብቅ አለ። እማዬ አይታኝ፣ «ምን ነካህ ልጄ? ተቃጠልክ እንዴ?» አለች። «ፀሐይ ነው» አልኳት። ቀኑን ሙሉ የምውለው ጣሪያ ሥር እንደሆነ ታውቃለች።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ፊቴን በምን እንደምታጠብ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እስክትስቅ ጠበቅኩ። አልሳቀችም።

«አልኮሉን ለመስታወቱ ተውለት» አለች። «በለስላሳ ሳሙና ጠዋትና ማታ፣ ሳትፈትግ ታጠብ። ይሄን ቅባት ማታ ማታ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ፣ ብጉሩን እየመረጥክ ሳይሆን ሙሉ ፊትህን ተቀባ። መጀመሪያ ሊብስብህ ይችላል፤ ደንግጠህ እንዳታቋርጥ። እንዳትነካካው፣ እንዳታፈርጠው።»

«ወሩ እስኪያልቅ ይድናል?»

«አልዋሽህም ወንድሜ። ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል።»

እንዳለችውም ባሰ። አገጬ ላይ እንደ ድንጋይ የጠጠሩ፣ ሲስቁም ሲያኝኩም የሚያሙ ወጡ። የአልኮሉ ጠርሙስ ከእጄ የማይርቅ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ባየሁት ቁጥር እጄ ወደሱ ይሄዳል። ጣቴንማ ማን ይመልሰው? ስለዚህ የሥራ ጓንቴን ለምሳ ሰዓትም ማውለቅ ተውኩ። በጓንት ፊት አይነካካም፤ የመስታወት ስባሪ አለበት።

ጠርዝ የሚሞርደው ባልደረባዬ፣ «ሙሽራው፣ ዳቦም በጓንት ሆነ?» አለኝ።

«እጄ ቆስሎ ነው።»

«እጅህ ነው የቆሰለው?» ብሎ ፊቴን አየ። ይህንንም ይዤለታለሁ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል እትዬ ከፊት ተጣሩ። «ና እስቲ፣ ደንበኛ አስተናግድ። ጓንትህን አውልቅ፣ ሰው ፊት ነው።» ጓንቴን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ባንኮኒው አጠገብ የቆመው የእህቴ ባል ነው።

ለልብስ ሱቁ ትልቅ መስታወት ይፈልጋል። የግድግዳውን ልክ ጠየቅኩት፣ ወፍራሙ እንደሚሻለው ነገርኩት። እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያዩናል።

«እትዬ፣» አለ እሱ፣ «ካርታን ፊት ለፊት አቆማችሁት? ደንበኛው መስታወቱ የቆሸሸ እየመሰለው እንዳይመልስባችሁ።»

መልሱ ነበረኝ። ከልደቱ ቀን ጀምሮ ስስለው የኖርኩት ነው። የሚቀባው የፀጉር ቀለም ትራሱን እያጠቆረ እንዳስቸገራት እህቴ ለእማዬ ስትነግር ሰምቻለሁ። ምላሴ ላይ መጣ። ደሜ ወደ ፊቴ ወጣ፣ አገጬ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ መታ። ያኔ በግድግዳው ዙሪያ በተሰቀሉት መስታወቶች ሁሉ አንድ እጅ ወደ ላይ ሲወጣ አየሁ። ባዶ እጅ ነው፣ የእኔ፤ ጣቱ አገጬ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል።

አወረድኩት። ኪሴ ገባና ጓንቱን አገኘ።

«ምነው፣ ተቀየምክ እንዴ? ለጨዋታ እኮ ነው።»

እትዬ መነጽራቸውን መልሰው ከፍ አደረጉ። «ልክህን ወስዷል፤ ተቀመጥና ጠብቅ» አሉት።

ጓንቴን አጠለቅኩ፣ ሜትሩን አነሳሁ፣ መስታወቱን ልቆርጥለት ወደ ኋላ ክፍል ሄድኩ።