የጋሼን ገጾች ሁሉ ማውጫ ውስጥ እንዴት እንዳስገባኋቸው

ብዋሽ ምላሴ ይቆረጥ፤ ከዚህ በታች ያለው ቃል በቃል እውነት ነው። እንዲያውም ሰው አያምነኝም ብዬ ግማሹን ቀንሼዋለሁ። ማጋነን የሚባል ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም። በዚህ ከተማ ኮምፒውተር ነካሁ የሚል ሁሉ በእኔ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ በኩል ማለፉን ግን መካድ አልችልም። ለፎቶ ኮፒ የሚሰለፈው ሰው ብዛት መንገድ አዘግቶ ያውቃል።

የታላቅ እህቴ ባል ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። እኔ ጋሼ ነው የምለው። ሳንባውን ታሞ አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ ሱቁን ዘጋ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ያስብ ጀመር፤ ልጁን። ያላቸው እሱ ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት አባትና ልጅ ተጣልተው፣ ጋሼ በንዴት ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ ብሎት ነበር። ልጁም የአባቱን ቃል አከበረ። ስልኩን ቀየረ፣ አገር ቀየረ፣ በቃ፤ ድምፁ ጠፋ።

ሐኪሙ እህቴን ኮሪደር ላይ ነጥሎ የነገራትን ነገር ለጋሼ ማንም አልነገረውም። ግን በማግስቱ ድረ ገጽ መሥራት ጀመረ። እኔን የመሰለ ባለሙያ አማች እያለው፣ ሳያማክረኝ! ትራስ ተደግፎ፣ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ግሪስ በማይለቀው ጣቱ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ ይጽፋል። ስለ ብስክሌት ጥገና አንድ ገጽ፣ ስለ ርግብ አንድ ገጽ፣ ስለ ቼዝ፣ ስለ ዋና፣ ስለ ከዋክብት። ልጁ ከእሱ ጋር የወደደው ነገር ሁሉ የየራሱ ገጽ ነበረው።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ትንፋሹን ለመሰብሰብ ጊዜ ወሰደበት።

“አሁን ምን እንደሚወድ አላውቅም” አለኝ። “ርግብ የሚያረባ ከሆነ ርግብ ሲፈልግ ያግኘኝ። ቼዝ የሚጫወት ከሆነም ቼዝ ሲፈልግ።”

እኔ ሆዴ ቡቡ ነው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ጉንፋን ይዞኛል አልኩ።

ለዚህ ዓይነት ነገር ማውጫ ያስፈልጋል። ማውጫ ድረ ገጾች እንደ ገበያ በየረድፋቸው የሚደረደሩበት ነው፤ ስፖርት በስፖርት፣ እንስሳ በእንስሳ። የሚያስገባውና የሚመልሰው ደግሞ ማሽን አይደለም፤ የተላከለትን እየከፈተ የሚያነብ ሰው ነው። ጋሼ የፊት ገጹን በራሱ እጅ ልኮ ተቀብለውታል፤ በብስክሌት ረድፍ፣ ታች ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሳቄ መጣ። ድፍን ሱቅ ይዘህ ለመስኮት ያወጣኸው አንድ ችንካር ነው ወይ አልኩት። ልጁ ብስክሌት ጠልቶ ቢሆንስ? ሌሎቹን ገጾች ለእኔ ተዋቸው አልኩ።

ደንቡን አንብቤዋለሁ፤ ከጻፉት ሰዎች በተሻለ ገብቶኛል። አንድ ድረ ገጽ በፊት ገጹ አንዴ ይገባል። የውስጥ ገጽ የሚቀበሉት ብቻውን መቆም የሚችል ከሆነ ነው፤ እሱንም ለብቻው ልኮ መልስ መጠበቅ ነው። ጋሼ በዚሁ መሠረት አንድ እንላክና እንጠብቅ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ደንብ የሚጻፈው ለጀማሪ መሆኑን አውቃለሁ። መጠበቂያ ጊዜ ደግሞ አልነበረንም፤ ጋሼ ጫማውን አስሮ ሲጨርስ እንኳ እንደ ሯጭ ያለከልክ ነበር።

የከበደው የገጾቹ መግለጫ ነው። ከእያንዳንዱ ገጽ ስም ሥር ሁለት መስመር ይጻፋል። ጋሼ ለርግቡ ገጽ ያጻፈኝ “ልጄ፣ ቆጡ አሁንም ሰገነቱ ላይ ነው” የሚል ነበር። ይህን አይቀበሉትም አልኩት፤ እነሱ የሚፈልጉት ገጹ ውስጥ ያለውን ነው፣ ልመና ያዩ እንደሆነ ይጥሉታል። “ልጄ” የሚለውን አወጣን። ቆጡንም አወጣን። በመጨረሻ የቀረው “ስለ ርግብ አያያዝ ለጀማሪዎች” ሆነ። ጋሼ ደጋግሞ አነበበው።

“እኔ መሆኔን በምን ያውቃል?” አለ።

“በጠረንህ ያውቅሃል” አልኩት። “ግሪስ ይሸታል እኮ ጽሑፉ።”

ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። እህቴ ሮጣ ገብታ ጀርባውን እያሸች፣ አንተ ሰውዬ ልትገድለው ነው እንዴ የመጣኸው በሚል ዓይን አየችኝ።

ያን ቀን ከመቀመጫዬ ሳልነሳ ሁሉንም ገጾች ላክኋቸው። ጣቶቼ እሳት ጎርሰው ነበር፤ ኮምፒውተሩ ግሎ እንቁላል ይጠብስ ነበር ብል አላጋነንኩም። ገጾቹም አንድ ሳይቀሩ ገቡ። የማውጫው ሰዎች ተሰብስበው ይህን የላከው ማነው ተባብለዋል፤ ሥራው ራሱ ይናገራላ።

ማስረጃም አለኝ። ጋሼ ስንት ሰው ገጹን እንደከፈተ የሚያሳየውን ቁጥር ያሳየኝ ነበር። ሌሎቹ ፀጥ ብለዋል፤ የርግቡን ገጽ ግን ማለዳ ማለዳ አንድ ሰው ይከፍተዋል። አንድ ቀን አያልፈውም። ከአልጋው አጠገብ ወንበር ስቤ፣ ጋሼ፣ ልጅህ ነው፣ እያነበበህ ነው፣ ድፍረት እስኪያገኝ ነው እንጂ ነገ ይጽፍልሃል እለው ነበር። ጋሼም እጄን ይዞ አዎ ይላል። ሱቄን ለሠራተኛ ትቼ በየቀኑ ሄድኩ። ልጁ ሊመጣ ምን ያህል እንደቀረው በየቀኑ እነግረዋለሁ፤ እሱም በየቀኑ ይሰማኛል። እንዲህ እንዳለ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እያወራሁለት፣ አረፈ። ልጁ እንዳገኘው አውቆ ነው የሞተው። ይህን ያደረግሁለት እኔ ነኝ።

እዚህ ድረስ የጻፍኩትን ወስጄ ለእህቴ አነበብኩላት። የጋሼን ሸሚዞች ለሰው ልትሰጥ አልጋው ላይ እያጣጠፈች ነበር። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

“አንዱም አልገባም” አለችኝ፣ ዓይኗን ከሸሚዙ ሳታነሳ። “መልሱ በእሱ ኢሜይል ነበር የሚመጣው። ሁሉንም ባንዴ ስትልክባቸው ድረ ገጹን እንዳለ ከማውጫው ሰረዙት። ቀድማ የገባችዋን የፊት ገጽም አወጧት።”

እና የርግቡስ፣ አልኳት። ማለዳ ማለዳ የሚከፍተውስ?

“ጋሼህ ራሱ ነበራ። እንቅልፍ እንቢ ሲለው በስልኩ ያነበው ነበር።”

የሸሚዙን እጅጌ አጠፈች፤ መልሳ ዘረጋችው።

“እውነቱን ልነግርህ ስል ተቆጣኝ። ‘ተይው፣ ካወቀ አፍሮ ይቀራል፤ ከዚያ ማን ይመጣልኛል’ አለኝ።”