የተለጠጠው ፊኛ

ሰፈሩ «ፊኛዋ» ይላታል። ሥራዋ ነው፤ የድግስ አዳራሽ በፊኛ ታስውባለች። ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ነው። የአዳራሾቹ ሽንት ቤት ወይ ተቆልፏል ወይ አያስገባም፤ ስለዚህ ውሃ ሳትጠጣ፣ ሽንቷን ይዛ ትውላለች። ይሄን እንደ ጉብዝና ቆጥራው ኖራለች፣ ሞኝ!

ሰሞኑን ግን ሽንቷ አሻፈረኝ አለ። ይመጣባታል፣ ሮጣ ትገባለች፣ ጠብ ጠብ ብሎ ያቃጥላትና ይቆማል። እናቷ «ብርድ ነው» አለች። እናቷ ሁሉንም ነገር በብርድ ነው የምታመካኘው። እሷ ግን ፈርታለች። አጎቷ ከኮቱ ሥር የሽንት ቱቦና ከረጢት አንጠልጥሎ፣ ሰው እየሸሸው እንደሞተ አትረሳም።

ዛሬ ክሊኒክ መጥታ፣ እናቷን ኮሪደር ላይ አስቀምጣ ገባች። ሐኪሟ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታት የአልትራሳውንዱን እጀታ ከእምብርቷ በታች አንሸራተተች። ቅንድቧን ከፍ አደረገች።

«ፊኛሽ በጣም ተለጥጧል።»

ልጅቷ ክው አለች። በእሷ ሙያ ከልክ በላይ የተለጠጠ ፊኛ አየሩ ሲወጣ ተሸብሽቦ ይቀራል፤ ዳግም አይሠራም።

«ታዲያ… ይጣላል?»

«ምኑ?»

«ፊኛው ነዋ፣ ዶክተር።»

ሐኪሟ ሳቋ አመለጣት። «የኔ እህት፣ ይሄኛው ጡንቻ ነው፤ ላስቲክ አይደለም። ብዙ ስትይዢው ይደክማል፣ ኢንፌክሽንም ይጨመርበታል። በይ፣ በዚህ ብልቃጥ ለምርመራ ትንሽ ተቀበዪበት፤ የቀረውን ጨርሰሽ ነይና መልሼ አይሻለሁ። ራሱ ከወጣ መድኃኒት ይበቃሻል። እምቢ ካለ ግን ለጊዜው በቱቦ እናወጣዋለን።»

«ለጊዜው» የሚለውን አልሰማችም። ጆሮዋ ላይ የቀረው «ቱቦ» ብቻ ነው።

ሽንት ቤት ገብታ ተቀመጠች። ቧንቧ ከፈተች፣ ሽንቷን ለመነችው፣ ተቆጣችው፤ ወይ ፍንክች! ውጪ ተራ የሚጠብቅ ሰውዬ በሩን ያንኳኳል። ላብ አጠመቃት። «ወጥቷል» ብላ ልትዋሽ አሰበች፤ መሣሪያው እንደሚያሳብቅባት ትዝ ሲላት እንባዋ መጣ። እሱ እንኳ ሳይለመን ነው የመጣው።

«ልጄ?» እናቷ ነበረች፣ በሩ ላይ።

«እማዬ፣ እምቢ አለኝ። ቱቦ ሊያስገቡብኝ ነው።»

በበሩ ስንጥቅ በኩል ቀስ ያለ ድምፅ መጣ። «ሽሽሽሽ…»

«እማዬ! ሰው ይሰማል እኮ!»

«ይስማ! ሕፃን ሆነሽም ያለዚህ እሺ አትዪም ነበር። ሽሽሽሽ…»

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቷ በእንባዋ መሃል ሳቀች፤ ስትስቅ የታችኛው ሆዷ ላላ አለ። መጀመሪያ ጠብ አለ፤ ከዚያ እያቃጠላት ወረደ፤ ወረደ፣ አላቆመም። ብልቃጡ ትዝ ያላት ሊያልቅ ሲል ነው።

ውጪ «ሽሽሽ» ማለቱ ተቋርጧል። እናቷ ድምፁን ሰምታ፣ በሩን ተደግፋ፣ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። ለካ «ብርድ ነው» ስትል የከረመችው እሷም ፈርታ ነው።